ባለ አምስት አምፔር ቢራ

አይን ሰፍሳፍ፣ ሊባኖስ
ማርች 9፣ 2022

ወንድሜ ጠኖስ፣

ቅዱሳችን ማር ኤልያስ ጤናህን ይጠብቅልህ። እኔ አለሁ። መኖሬን እንኳ ባለፈው እሑድ በስልክ አረጋግጠሃል፤ ተቆጥቼ መናገር ስጀምር «መስመሩ ተቆራረጠ» ብለህ የዘጋኸው አንተው ነህ። የምጽፍልህም ለዚህ ነው። ወረቀት አይቆራረጥም። ደብዳቤውን ወደ አቢጃን ለሚመለሰው ለፀጉር አስተካካዩ ለዲብ ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ በእጅህ ሳያስረክብ ውሃ እንዳይጠጣ አስምዬዋለሁ።

የጠየቅኸኝን በየተራ ልመልስልህ። የመጥመቂያ ዕቃውን አልሸጥኩም። ለማንምም አልሰጠሁም። ነስሪ ከሞተ ዓመት ሞላው፣ ምድር ቤቱም ባዶ ቀረ ብለህ ካሰብክ ባሌን አታውቀውም ነበር፤ እኔንም ረስተኸኛል። ድስቱ አለ። ከትንሽ ቦይለር ነቅሎ ከታች የገጠመለት ሬዚስታንስ፣ ማሞቂያው ብረት፣ ዛሬም ይሠራል። ቴርሞሜትሩም፣ ድስቱ የሚጠቀለልበት የሱፍ ብርድ ልብስም፣ ብቅሉ የሚዘፈዘፍበት የላብኔ እርጎ ማጥለያ ከረጢትም አለ። ገብሱን ጣሪያ ላይ አብቅዬ፣ ቡርጉል በምናሰጣበት አንሶላ ላይ አድርቄ፣ ሸርክቼ አንድ ድስት ጠምቄያለሁ። ራሴ። ድስቱ ሲጣድ ፍሪጁን ነቀልኩ፣ የውሃ ፓምፑን ነቀልኩ፣ አምፖሉንም አጠፋሁ። የነስሪን ሕግ ታስታውስ እንደሆን፣ በአምስት አምፔር ቤት ድስቱ ሲሠራ ሌላ ነገር አይተነፍስም።

«ለምን በጋዝ አትጥጂውም?» ብለሃል። ጋዝ ዛሬ እንደ መድኃኒት ነው የሚቆጠበው፤ አንድ ጊዜ ብጠምቅበት የወር ማብሰያዬን ይጨርሰዋል። የመንግሥት መብራትማ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። ስለዚህ መስመሬ አሁንም ለየቤቱ አምስት አምፔር ከሚሸጥልን ከቡ ነጂብ ጄኔሬተር ነው፤ ሌላ ማን አለ? አብሮ አደግህ ዛሬ የመንደሩ ፀሐይ ሆኗል። ሲፈልግ ይወጣል፣ ሲፈልግ ይጠልቃል።

ነስሪ ሊሞት ሰሞን «በሚቀጥለው ጁላይ በማር ኤልያስ በዓል አደባባዩን በሙሉ የቤቴን ቢራ አጠጣዋለሁ» ብሎ ለሰው ሁሉ ቃል ገብቶ ነበር። አምና ሐዘን ላይ ነበርኩ። ዘንድሮ ይጠጣሉ። ለበዓሉ በየዓመቱ የፋብሪካ ቢራ በሳጥን በሳጥን የሚያራግፈው ቡ ነጂብ ስለሆነ፣ ወሬውን ሲሰማ፣ «አሮጊት የጠመቀችውን ማን ይጠጣል?» አለ አሉ። እሱ ራሱ ይጠጣታል።

ወደ አቢጃን ስለመምጣቱ ደግሞ፣ አልመጣም። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አንብበው።

እህትህ ዘልፋ

◆

አቢጃን፣ ትሬሽቪል
ኤፕሪል 2፣ 2022

ለምወድሽ እህት ዓለሜ ዘልፋ፣

ሰላምታዬ ከባሕሩ ማዶ እንደ ልቤ ፈጥኖ ይድረስሽ። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ደረጃው አላስቸገረሽም? የስልኩን ነገር ይቅር በይኝ፤ እውነት መስመሩ ተቆራርጦ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው።

እቴ፣ አትቆጪኝና አንድ ነገር ልበል። አባታችን የመንደሩ ሽማግሌ ነበር። ልጁ በስተርጅና ቢራ ጠማቂ ሆነች መባሉ ለእኔ ቀላል አይደለም። እዚህ ያሉት የአገራችን ሰዎች ሲጠይቁኝ «ለጨዋታ ነው» እላለሁ። ብቻሽን ከኮረንቲና ከፈላ ውሃ ጋር ስትታገዪ በዓይኔ ይመጣብኛል፤ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል? እዚህ ለአንቺ የሚሆን ክፍል አለ። መስኮቱ ወደ ማንጎው ዛፍ ነው። የካሳቫውን ምግብ፣ አቼኬውን፣ መጀመሪያ ትሰለቺዋለሽ፤ በኋላ ያለሱ አትበዪም።

እስክትመጪ ድረስ ግን በዚያች በደከመች ድስት እንዳትንገላቺ ብዬ የጀርመን መጥመቂያ በመምህር ሸፊቅ ልጅ እጅ ልኬልሻለሁ። ሻንጣውን ሞልቶበት ሲያጉረመርም ነበር። ከማይዝግ ብረት ነው፤ ሙቀቱን ራሱ ይለካል፤ ሦስት ሺህ ዋት ነው፤ ውሃውን እንደ ቀልድ ያፈላዋል። ሶኬት ላይ መሰካት ብቻ ነው።

ሱቁ ደህና ነው። ለወደፊቱ ግን ደብዳቤሽን ሰው በቤቴ ያድርስልኝ፤ ወደ ሱቁ ባይላክ ይሻላል።

ወንድምሽ ጠኖስ

◆

አይን ሰፍሳፍ
ሜይ 4፣ 2022

ጠኖስ፣

ሰላምታው ይቆየኝ፤ ንዴቴ ይቅደም። ሦስት ሺህ ዋት! አምስት አምፔር እኮ ከሺህ መቶ ዋት በላይ አይሸከምም። አንተ ሰውዬ፣ በስንት አምፔር ነው ያደግኸው? ድሮ ሻይ ሲጣድ ራዲዮ የምትነቅለው አንተ አልነበርክም? ሰው አገሩን መርሳቱ የሚታወቀው ቋንቋውን ሲረሳ ነው ይላሉ። ውሸት ነው። አምፔሩን ሲረሳ ነው።

ዕቃው ያምራል፤ አልዋሽህም። ናዚራ ጎረቤቴ ፊቷን አይታበት ፀጉሯን አስተካከለችበት። ውሃ ሞላሁት፣ ሰካሁት። ጧ! ብሬከሬ ወደቀ። የብሬከሩ ሳጥን እንደምታውቀው ቤቴ ውስጥ አይደለም፤ ከዲብ ፀጉር ቤት አጠገብ ምሰሶው ላይ ነው። በቤት ጫማዬ ቁልቁል ወርጄ አነሳሁት። ተመልሼ እንደገና አበራሁ። ጧ! እንደገና ወረድኩ። ጉልበቴን ጠይቀኸኝ ነበር፤ ይኸው መልሱ። በሦስተኛው ዲብ ምላጩን ይዞ ወጥቶ፣ «ሲት ዘልፋ፣ እመቤቴ፣ ወንበር ላውጣልሽና እዚሁ ሆነሽ ብትጠምቂው አይሻልም?» አለኝ። ወንዶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

የቡ ነጂብ ሠራተኛ ግን አልሳቀም። ሄዶ ነገረው። በማግስቱ ቡ ነጂብ ራሱ መጥቶ ሽቦዬን ከሳጥኑ ነቀለው። «ትርፍ ኮረንቲ ስበሻል» አለኝ።

«አልሳብኩም፤ ብሬከሩ መች አስጠጋኝ?» አልኩት።

«ሙከራውም ሙከራ ነው።»

«እንግዲያው አንተም ሰው ለመሆን ስትሞክር አይቻለሁ፤ በሱም ልክሰስህ?»

ይህን ማለት አልነበረብኝም ይሆናል። ግን አልኩት፤ አልተጸጸትኩም።

አሁን ጨለማ ውስጥ ነኝ። ፍሪጁን ባዶ አድርጌ በሩን ከፍቼ ትቼዋለሁ። ለራሴ ሻማ ይበቃኛል። ለማር ኤልያስ ቢራ ግን ሻማ አይበቃም፤ ብቅሉ ደርቆ ተቀምጧል፤ እስከ ጁን አጋማሽ ካልጠመቅሁት አይደርስም። ከመንደሩ ሰው ሁሉ ቡ ነጂብ የሚሰማው አንተን ብቻ ነው፤ ወንዝ አብራችሁ የዋኛችሁ ናችሁ። ዕቃህ ካመጣብኝ ጣጣ አንተው አውጣኝ። ደውልለትና መስመሬን እንዲመልስ ንገረው። ለምኜህ አላውቅም፤ ዛሬ ለመንኩህ።

ሱቁ ደህና ነው ብለህ በአንድ ደብዳቤ ሁለቴ ጽፈሃል። ምነው?

ዘልፋ

◆

አቢጃን
ሜይ 21፣ 2022

እህት ዓለሜ፣

ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅሽ አላውቅም። አምፔሩን ረሳሁት። እውነቴን ነው፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ራሴን በጥፊ ልመታው ነበር። እናታችን ሻይ ስትጥድ «ጠኖስ፣ ራዲዮውን!» የምትለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ።

ከቡ ነጂብ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ረዘም ላለ ሰዓት ነው ያወራነው። የሚሻለውን ነግሬዋለሁ። ከዚህ በላይ በስልክ ምን ማድረግ እንደምችል አላውቅም።

እቴ፣ ነገሩ ባይሳካ ግን እንደ ምልክት ቁጠሪው። ጨለማ ቤት ውስጥ ብቻሽን ለማን ብለሽ ትቆያለሽ? ነስሪ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢራው ቢቀር አይቀየምሽም። ከበዓሉ በኋላ የአውሮፕላን ቲኬት እልክልሻለሁ። ቁልፉን ለናዚራ ስጫት።

ሱቁን አታንሺብኝ። ዝናቡ ጀምሯል፤ በዝናብ ጊዜ ገበያ አይኖርም።

ጠኖስ

◆

አይን ሰፍሳፍ
ጁን 12፣ 2022

ወንድሜ፣

ስለሞከርክልኝ እጅህ ይባረክ። ቡ ነጂብ ግን ንቅንቅ አላለም፤ እንዲያውም ከደወልክለት ወዲህ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። አንተ አትዘን። የቻልከውን አድርገሃል። እኔ ደግሞ የቻልኩትን አደረግሁ፤ አንብብና ሳቅ።

ናዚራ አንድ ቀን እንባ ቀረሽ ሆና መጣች። «መስመር ልዘርጋልሽ ብል የእኔንም ይቆርጥብኛል» አለችኝ። አትዘርጊ አልኳት። ከዚያ ባልዲዋን አየሁ። ታውቃለህ፣ አምስት አምፔር ትልቅ ቦይለር ስለማያነሳ፣ ቤት ሁሉ ለገላ መታጠቢያ ውሃ የሚያሞቅባት በባልዲ የምትነከር ትንሽ ሬዚስታንስ አለችው። ያቺ ብረት አምስት አምፔር ይበቃታል። «ናዚራ፣ ሽቦሽን አልፈልግም፤ ድስትሽን ስጪኝ» አልኳት።

የአንድ ቤት አምስት አምፔር ለአደባባይ ሙሉ ቢራ ትንሽ ነው። ለአንድ ትንሽ ድስት ግን ይበቃል። በሰፈራችን ቁልቁለት ዳር ሰባት ቤት አለን። ብቅሉን ሰባት ቦታ ከፈልኩት። እያንዳንዷ ሴት በራሷ የላብኔ ከረጢት፣ በራሷ ድስት፣ በራሷ አምፔር ዘፈዘፈች። እኔ የነስሪን ቴርሞሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከቤት ቤት እንደ ሐኪም ዞርኩ። «ይቺ ትኩሳት አላት፤ ንቀዪላት። ይቺ በርዷታል፤ ብርድ ልብስ ጨምሪላት።» ሰባት ፍሪጅ ተነቅሎ፣ ሰባት ቴሌቪዥን ጠፍቶ፣ ባሎች ሁሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያጉረመርሙ ነበር። ቢራው ውስጥ የሚገባውን መራራ አበባ ነስሪ ከወይኑ ዳስ ጎን ከተከላት ሐረግ አምና ያደረቅሁት ነው፤ ለየድስቱ አደልኩ። ሲበቃው በወተት ማሰሮ ተሸክመን ወደ እኔ ምድር ቤት አወረድነውና አንድ በርሜል ውስጥ ቀላቀልነው። ሲቀዘቅዝ እርሾ ጨመርኩበት። አሁን ምድር ቤቱ ውስጥ ፍልቅ ፍልቅ እያለ ያጉረመርማል፤ ከባሎቹ የተማረው ይመስለኛል።

ቡ ነጂብ በመካከል መጥቶ ነበር። ሰባቱን በር በየተራ አየ። ማንኛዋም ከአምስት አምፔር አላለፈችም፤ ማንን ይቁረጥ? የቄሳችን የአባ ሐና ሚስት፣ ኹሪዬ የምንላት፣ በሯ ላይ ቆማ፣ «ቡ ነጂብ፣ ገላዬን ልታጠብ ነው፤ ልትገባ ነው እንዴ?» አለችው። ጆሮው እስኪቀላ ሮጠ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚሉት ለካ ይህ ነው። አንተን ለመንካት አይደለም። ቲኬቱን አትግዛ።

ዘልፋ

◆

አይን ሰፍሳፍ
ጁላይ 22፣ 2022

ጠኖስ፣

ሰላምታ የለኝም።

ትናንት በዓሉ እንዴት እንደነበር በስልክ ጠይቀኸኝ «ጥሩ ነበር» ብዬ ዘጋሁብህ። መስመሩ አልተቆራረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ቢራው ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ በርሜሉን አደባባዩ ላይ ሾላው ሥር አወጣነው። ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። ከሰባቱ ከረጢት አንደኛው በደንብ አልታጠበም ነበር፤ ኹሪዬዋ የእሷ እንዳልሆነ በመስቀል ምላለች፤ ስለዚህ የእሷ ነው። ግን ሰው ወደደው። «ሆን ብላ ነው ያኮመጠጠችው፤ የሙቀት ወቅት ቢራ እንዲህ ነው» እያሉ ከግብጦው ከቱርሙስ ጋር ጠጡት። የፋብሪካው ሳጥን ሳይከፈት ቆመ። ዲብ ብርጭቆውን አንስቶ «ለነስሪ!» ሲል አደባባዩ በሙሉ ተነሳ። እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ። ቃሉ ተጠበቀለት።

ቡ ነጂብም መጣ። ያልኩህን ታስታውሳለህ፤ እሱ ራሱ ይጠጣታል ብዬህ ነበር። ጠጣ። ደገመ። ከዚያ በላይም ጠጣ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ የእኔው ብቅል የእኔኑ ጉድ አወጣው። ወንበር ላይ ቆሞ በሰው ሁሉ ፊት ጮኸ።

«እኔን ክፉ ትሉኛላችሁ! ወንድሟ ነው 'መስመሯን እንዳትመልስ፤ ጨለማው ሲሰለቻት ወደ እኔ ትመጣለች' ያለኝ! እናቴ ትሙት፣ ጠኖስ ነው ያለኝ!»

ሁሉም እኔን አየ። ናዚራ እጄን ያዘችኝ። በዚያች ደቂቃ ብትኖር ኖሮ በጭልፋው እመታህ ነበር። ግን አልነበርክም፤ የአባታችን ስም ነው እዚያ ብቻውን የቆመው። ስለዚህ ሳቅሁ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ጠኖስን በለው ያልኩት» አልኩ። «ያላንተ ሽቦ መጥመቅ እንደምንችል ላሳይህ ብዬ። ይኸው አየህ። ና ውረድ፣ ብርጭቆህ ባዶ ነው።»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። እሱ ወረደ። አንተ ዳንክ። በማር ኤልያስ በዓል፣ በማር ኤልያስ ፊት፣ ስላንተ ዋሸሁ።

አሁን ግን ማንም ስለሌለ እውነቱን ልንገርህ። ለምኜህ ነበር። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ለመንኩህ፤ አንተ ስልኩን አንስተህ በጨለማ እንድቀመጥ ፈረድክብኝ። «የሚሻለውን ነግሬዋለሁ» አልከኝ፤ እኔ ሞኟ እጅህ ይባረክ ብዬ ጻፍኩልህ! ማን ሾመህ? እኔ ዕቃ አይደለሁም፣ በሻንጣ አልመጣልህም። ነስሪን የቀበርኩት እዚህ ነው፤ ብቅሌ የሚደርቀው እዚህ ጣሪያ ላይ ነው፤ ስወድቅ የሚያነሱኝ ሰባት ቤት ሙሉ ሰዎች ናቸው። መብራት ባይኖርም እዚሁ ነኝ። በማግስቱ ቡ ነጂብ ሰው ስለታዘበው ሽቦዬን መልሶ ገጠመው፤ አላመሰገንኩትም።

ከበርሜሉ መጀመሪያ የተቀዳውን አንድ ጠርሙስ ላንተ ብዬ ምድር ቤት አስቀምጬ ነበር። ልሰብረው ወርጄ ነበር። አልሰበርኩትም፤ ቢራው ምን አደረገ?

ዘልፋ

◆

አቢጃን
ኦገስት 9፣ 2022

እቴ ዘልፋ፣

ብያለሁ። ቃል በቃል እሱ እንዳለው ነው ያልኩት። ምክንያቴን ልጽፍ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ።

ሱቁ የለም። ከጃንዋሪ ጀምሮ ተዘግቷል። ወደ ሱቁ አትላኪ ያልኩሽ ደብዳቤሽን የሚቀበል ሰው ስለሌለ ነው። መጥመቂያውን የገዛሁት ለመጨረሻ ጊዜ እንደ ሀብታም ወንድም ልሁን ብዬ ነው። ማንጎው ዛፍ ያለበት ክፍል እውነት አለ፤ ግን ማታ ማታ ራቴን ቆሜ ነው የምበላው፤ ለአንድ ሰው ጠረጴዛ መዘርጋት ያስጠላኛል። ባዶ እጄን ወደ መንደር ከምመለስ አንቺ ብትመጪ ይሻለኛል ብዬ አሰብኩ። ለአንቺ የማስብ መስሎኝ ነበር። ለራሴ ነው ያሰብኩት። በጭልፋው ብትመቺኝ ኖሮ የምታገሠው ይመስለኛል፤ አድነሽኝ ግን ልቋቋመው አልቻልኩም።

ጠርሙሱን አትስበሪው። አትክፈቺውም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ከጠየቅሁሽ ሁሉ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ነው። ቤታችን አሁን ስንት አምፔር ነው? የኤሌክትሪክ ፂም መላጫ አለኝ።

ጠኖስ

◆

አይን ሰፍሳፍ
ኦገስት 27፣ 2022

ጠኖስ፣

አልታረቅሁህም፤ ስትደርስ ታየዋለህ። ሰፈሩ ግን «በለው» ያልኩህ እኔ እንደሆንኩ ያምናል፤ አንተም እንደዚያው ብለህ ትምላለህ፤ ውሸታም አታደርገኝም። «ባዶ እጄን» ያልከውን ተወው። ባዶ እጅ እፈልጋለሁ፤ በሴፕቴምበር እንደገና ስንጠምቅ የሚሸከም ሰው ያስፈልገኛል፣ የወተት ማሰሮው ከባድ ነው። የጀርመኑ ድስት አልባከነም፤ ሳይሰካ እንደ በርሜል ያገለግለናል፤ ናዚራም ፀጉሯን ታይበታለች።

አምስት አምፔር ነው። ካነሰህ ከናዚራ እንዋሳለን። ድስቱ ተጥዶ መላጫህን የሰካህ ቀን ግን ወደ ምሰሶው የምትወርደው አንተ ነህ።

እህትህ ዘልፋ